ለቡልፔን ሲባል ወጣቶቹን መስጠት ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ የቤዝቦል ቡድንህ ከመጨረሻው የዋይልድ ካርድ ቦታ (ምድቡን ያላሸነፈ ቡድን ወደ ዋንጫው ፕሌይኦፍ የሚገባበት) ሦስት ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ስታርተሮቹ (ጨዋታውን የሚጀምሩት ፒቸሮች፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎች) ደህና ናቸው፤ ቡልፔኑ (በኋላ የሚተኳቸው ወርዋሪዎች) ግን ከዘጠኙ የጨዋታ ዙሮች ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ የተረከበውን መሪነት ሁሉ ያስረክባል። "ማይነር ሊግ (ታችኛው ሊግ) ያሉትን ልጆች ሰጥተን አንድ ስመ ጥር ክሎዘር (ጨዋታውን የሚዘጋ ወርዋሪ) እናምጣ ወይስ እንቻለው?" ነው ያልከው። እኔ የምለው ሪሊቨር (ከቡልፔን ገብቶ የሚወረውር) ይምጣ፤ ለክሎዘር ስም ሲባል ግን ምርጡ ልጅ አይውጣ። የሚገዛው ነገር ስንት ኢኒንግ እንደሆነ ከተሰላ ብዙው ክርክር እዚያው ያልቃል።

ትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) ከሚዘጋበት ዴድላይን፣ ከጁላይ 31 ገደማ በኋላ ለአንድ ቡድን የሚቀሩት ጨዋታዎች ከ50 ብዙም አይበልጡም። ጥሩ ሪሊቨር በእነዚህ ውስጥ 24 ኢኒንግ ገደማ ይወረውራል። አሁን ያለው ሰው ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ የሚቆጠርበት አማካይ ራን፣ ማለትም ነጥብ) 4.50 ከሆነ በ24 ኢኒንግ 12 ራን ይቆጠርበታል። የሚመጣው 2.70 ከሆነ 7 ራን ከምናምን። ልዩነቱ አምስት እንኳ አይሞላም። በቤዝቦል ሂሳብ ደግሞ አሥር ራን በግምት አንድ ድል ነው፤ ስለዚህ የተገዛው ግማሽ ድል ነው። ሰውየው ጨዋታው በአንድና በሁለት ራን በተንጠለጠለበት ሰዓት ብቻ ከገባ ዋጋው እጥፍ ገደማ ይሆንና ወደ አንድ ድል ይጠጋል። ከዚያ በላይ የሚምልልህ ካለ ወይ ወኪሉ ነው ወይ ሻጩ።

ኦክቶበር ላይ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። በጨዋታዎች መካከል የዕረፍት ቀን ስለሚበዛ አሠልጣኙ ስምንቱንም ሪሊቨር መጠቀም አያስፈልገውም፤ ሁለት ወይም ሦስት የሚያምናቸው ሰዎች ከበቂ በላይ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ ፕሌይኦፍ መግባቱ የተረጋገጠለት ቡድንና ሦስት ጨዋታ ወደ ኋላ ያለ ቡድን ለአንድ ሪሊቨር እኩል ዋጋ መክፈል የለባቸውም። የመጀመሪያው ኦክቶበርን ይገዛል፤ ሁለተኛው ገና ተስፋን ነው የሚገዛው።

ብዙዎቻችን የዋሽንግተኑን ናሽናልስ ስለምንከታተል ከዚያው ልጀምር። በ2019 መደበኛው ውድድር የናሽናልስ ቡልፔን ኢአርኤ ከ5.50 በላይ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ለማግኘት መፈለግ ይጠይቅ ነበር። በዴድላይኑ ዕለት ሦስት ሪሊቨር አመጡ፦ ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ፣ ሃንተር ስትሪክላንድንና ሮኒስ ኢሊያስን ከሲያትል። ለሃድሰን የሰጡት ካይል ጆንስተንን፣ ያኔ ሃይ-ኤ (የማይነር ሊግ መካከለኛ እርከን) ላይ የነበረ ፒቸር ነው። ከሦስቱ ምን ተገኘ? ኢሊያስ በመጣ በቀናት ውስጥ፣ ፒቸሮች ራሳቸው ይመቱ በነበረበት ዘመን ነውና፣ መትቶ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ የኋላ ጭኑን ተጎዳ። ስትሪክላንድ በኦክቶበር ሆም ራን ተመታበት። ሃድሰን ግን በ1.44 ኢአርኤ ጨረሰና ኦክቶበር 30 በሂውስተን የሰባተኛውን ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግ ዘግቶ ዋንጫውን አስጨበጣቸው። ከሦስት አንዱ ያዘ። የሪሊቨር ገበያ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንድ ውድ ሰው ከማምጣት ሁለት ሦስት መካከለኛ ማምጣት የሚሻለውም ለዚሁ ነው።

የ2017ቱ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በጁላይ አጋማሽ ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን ከኦክላንድ ለማምጣት ብሌክ ትራይነንን፣ የ19 ዓመቱን ሔሱስ ሉዛርዶንና ሼልደን ኑስን ሰጡ። ይህ ትሬድ ሲነሳ ሁሉም የሚያዝነው በሉዛርዶ ነው፤ ጥሩ ስታርተር ወጣውና። እኔ ግን ትራይነንን ነው የማየው። ዋሽንግተን ትዕግሥቱ አልቆበት የለቀቀው ሰው በ2018 በኦክላንድ 80 ኢኒንግ ወርውሮ ኢአርኤው 0.78 ሆነ። ኳሱ አንድ ነው፣ ክንዱም አንድ ነው። የሪሊቨር ኢአርኤ በትንሽ ኢኒንግ ላይ የሚሠራ ቁጥር ስለሆነ ያወናብዳል፦ 60 ኢኒንግ ወርውሮ 3.00 ላይ ያለ ሰው በአንድ ቀን አንድ መቺ ብቻ አስወጥቶ አምስት ራን ቢቆጠርበት ወደ 3.73 ይዘላል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ያለህን ሰው ደግመህ መርምር። ያም ሆኖ ትሬዱ መጥፎ አልነበረም፤ የዱሊትል ውል እስከ 2020 የሚዘልቅ አማራጭ ስለነበረው በ2019 ዋንጫ ላይም አብሯቸው ነበር።

ታዲያ ማን ይሰጥ? እዚህ ላይ ደጋፊው የሚያየው የምርጥ 100 ወጣቶች ዝርዝርን ብቻ ነው፤ ጄኔራል ማናጀሩ የሚያየው ግን የኖቬምበርን ቀን ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች የፈረመ ተጫዋች ከአምስት የውድድር ዘመን በኋላ፣ በ19ና ከዚያ በላይ የፈረመ ደግሞ ከአራት በኋላ በቡድኑ የ40 ሰው መዝገብ (የዋናው ሊግ ውል ያላቸው ተጫዋቾች ዝርዝር) ካልገባ በሩል 5 ድራፍት ሌላ ቡድን በ100 ሺህ ዶላር ሊወስደው ይችላል። ኖቬምበር ላይ ስድስት ልጅ መጠበቅ የሚገባው፣ ቦታው ግን ሦስት ብቻ የሆነ ቡድን ሦስቱን ለማጣት ተዘጋጅቷል ማለት ነው። መሰጠት ያለባቸው መጀመሪያ እነሱ ናቸው። መዝገቡ ያልሞላበት ሻጭ ቡድን በደስታ ይቀበላቸዋል፤ ላንተ ሸክም የሆነው ለእሱ ሀብት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መንገዱ የተዘጋበት ነው። ሾርትስቶፕህ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው) ለአምስት ዓመት ፈርሞ ከተቀመጠ ደብል-ኤ (የማይነር ሊግ ሁለተኛው ከፍተኛ እርከን) ያለው ሾርትስቶፕ ለትሬድ የተመቸ ነው። ከዚያ የታችኛው ሊግ ፒቸሮች። ፒቸር ክርኑ ከአንድ ኳስ ወደ ቀጣዩ ሊበጠስ ይችላል፤ ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከ12 እስከ 18 ወር ይቀመጣል። ስለዚህ እኩል ደረጃ የተሰጣቸው መቺና ፒቸር ካሉህ መቺውን አስቀር፣ ፒቸሩን ስጥ።

ያላደጉ ልጆች ላይ ግን ጥንቃቄ። "ገና አንድ ጨዋታ እንኳ ያልተጫወተ ልጅ ምን ይጎዳናል" ይባላል። ዶጀርስ በ2016 ኦገስት 1 ሪሊቨሩን ጆሽ ፊልድስን ከአስትሮስ ሲወስድ የሰጠው ልጅ ዮርዳን አልቫሬዝ ነበር፤ በ2019 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። በ2017 ደግሞ ለሪሊቨሩ ቶኒ ዋትሰን ብሎ ኦኒል ክሩዝን ለፒትስበርግ ሰጠ። ዶጀርስ ጎተራው ሙሉ ስለሆነ አልተራበም። ጎተራው ባዶ የሆነ ቡድን ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ አሥር ዓመት ይጮህበታል። መፍትሔው እንዲህ ያለ ልጅ በፍጹም አይሰጥ አይደለም፤ ሻጩ በስሙ ጠርቶ ያልጠበቅከውን የ17 ዓመት ልጅ ከጠየቀህ የሱ ስካውት ያየውን የአንተ ሰው አላየም ማለት ስለሆነ ከመፈረምህ በፊት ሰው ልከህ አስመልከት።

ትልቁ ልጅ የሚሰጥበት ጊዜ አለ? አለ፣ ሁለት። አንደኛው ካብስ በ2016 ያደረገው ነው። ግሌይበር ቶሬስን ከሦስት ሰዎች ጋር ለያንኪስ ሰጥቶ አሮልዲስ ቻፕማንን አመጣ፤ ከ1908 ወዲህ ያላየውን ዋንጫም አነሣ። ቻፕማን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ያንኪስ ተመልሶ ፈረመ፤ ያንኪስ ልጁንም ክሎዘሩንም ይዞ ቀረ። ካብስ ይጸጸታል? አይመስለኝም። ግን ያን ጊዜ ካብስ የሊጉ ምርጥ ቡድን ነበር እንጂ ሦስት ጨዋታ ወደ ኋላ አልነበረም። ሁለተኛው ሪሊቨሩ ለዓመታት የሚቆይ ሲሆን ነው፤ ፊሊስ በ2025 ሚክ ኤብልንና ወጣቱን ካቸር ኤድዋርዶ ታይትን ለሚኒሶታ ሲሰጥ ያገኘው ዮዋን ዱራን እስከ 2027 በቡድኑ እጅ የሚቆይ ነው። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲገዛ ዋጋው ሌላ ነው።

በተቃራኒው፣ ለሁለት ወር ብቻ ትልቅ መቺ መስጠት የቦስተንን ታሪክ ያስደግማል። በ1990 ኦገስት መጨረሻ ላሪ አንደርሰንን ለማምጣት ጄፍ ባግዌልን ሰጡ። አንደርሰን 22 ኢኒንግ ብቻ ወረወረ፣ በደንብም ወረወረ፤ ኦክላንድ ግን በአራት ጨዋታ ጠራረጋቸው፤ ሰውየውም ሄደ። ባግዌል 449 ሆም ራን መትቶ ሆል ኦፍ ፌም ገባ።

አሁን ሪሊቨሩን ስለ መምረጥ። ኢአርኤውን ተወውና ከመቶ ስንት መቺ በስትራይክአውት (ኳሱን ሳያስመታ) እንደሚያስወጣ ወስደህ፣ ከመቶ ለስንቱ ዎክ (ያለ ምት ወደ አንደኛው ቤዝ መልቀቅ) እንደሚሰጥ ቀንስ። ልዩነቱ 14 አካባቢ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ 20 ካለፈ ጥሩ ነው። ከዚያ የመጨረሻ ወሩን ፍጥነት ከኤፕሪሉ ጋር አስተያይ። በሰዓት አንድ ማይል ተኩል ከወረደ ሜዲካል ሪኮርዱን ሳታይ ስልክ አትዝጋ። በተከታታይ ሁለት ቀን ሲወረውር ምን እንደሚሆን ተመልከት፤ አንዳንዱ በዕረፍት ማግሥት አንበሳ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ሌላ ሰው። የግራ እጅ መቺን ብቻ የሚያስወጣ ሰው ደግሞ ከ2020 ወዲህ ዋጋው ወርዷል፤ የገባ ፒቸር ኢኒንጉ ካላለቀ በቀር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ስላለበት ተቃራኒው አሠልጣኝ ቀኝ እጆቹን መሃል ላይ ይሰካበታል።

ብዙዎች የሚረሱት ኦፕሽን ነው፤ ተጫዋችን ሳያጡ ወደ ማይነር ሊግ የመላክ መብት ማለት ነው። በ26 ሰው መዝገብ ከ13 ፒቸር በላይ አይፈቀድም፤ ቡልፔኑ ስምንት ሰው ነው። ከስምንቱ ስድስቱ ወደ ማይነር ሊግ መላክ የማይችሉ ከሆኑ፣ አንድ ሌሊት ጨዋታው 13 ኢኒንግ ሲሄድ በማግሥቱ ትኩስ ክንድ የምታመጣበት ቦታ የለህም። አዲሱ ሰው ኦፕሽን ከሌለው ማን እንደሚወጣ ትሬዱ ከመፈረሙ በፊት ይወሰን።

ሁሉን አስተካክለህም ሊበላሽ ይችላል። ሜትስ በ2025 ራያን ሄልስሊን፣ ታይለር ሮጀርስንና ግሪጎሪ ሶቶን አሰባስቦ ፕሌይኦፍ እንኳ አልገባም። በ2024 ኦል ስታር የነበረው ሄልስሊ በኒውዮርክ ኢአርኤው ከ7 በላይ ሆነ፤ ምን ሊወረውር እንደሆነ አቋሙ ለመቺዎቹ ያሳብቅበት ነበር። እንዲህ ያለውን በቪዲዮ ማወቅ ይቻላል፣ ግን አዲሱ ቡድን ለመመርመር ጊዜ የለውም።

ዋጋው ካልተስማማህ ቤትህን ፈትሽ። አናሃይም በ2002 ፍራንሲስኮ ሮድሪገስን በሴፕቴምበር ጠርቶ በፕሌይኦፍ አምስት ድል አገኘበት። ሴንት ሉዊስ በ2006 ስታርተር ሊሆን የተዘጋጀውን አዳም ዌይንራይትን ክሎዘር አድርጎ ዋንጫ ወሰደ። ትሪፕል-ኤ (የማይነር ሊግ ከፍተኛው እርከን) ላይ የሦስተኛው ኳሱ ድክመት ስታርተር እንዳይሆን ያገደው ልጅ ካለ፣ በአንድ ኢኒንግ ፍጥነቱ ከፍ ስለሚል ሁለቱ ኳሶች ይበቁታል። ከኦገስት መጀመሪያ ጀምሮ በተከታታይ ቀናት መወርወር ይለማመድ፤ የስታርተር ክንድ በአራትና አምስት ቀን ዕረፍት የለመደ ነውና በድንገት ቢጠሩት ይጎዳል።

ዴድላይኑ ካለፈም በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ክሊቭላንድ በ2023 ኦገስት መጨረሻ ሬይናልዶ ሎፔዝንና ማት ሙርን፣ ከስታርተሩ ሉካስ ጂዮሊቶ ጋር፣ ኤንጅልስ ዌቨር ላይ (ሌላ ቡድን ውላቸውን ተረክቦ ሊወስዳቸው የሚችልበት ዝርዝር) ሲያወጣቸው ያለ አንድ ወጣት ቀሪ ደመወዛቸውን ብቻ ችሎ ወሰዳቸው። በፕሌይኦፍ ለመጫወት እስከ ኦገስት 31 ቡድኑ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ቅድሚያውም የድል ድርሻው ዝቅ ላለው ቡድን ስለሆነ ሦስት ጨዋታ ወደ ኋላ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጀቱ ላይ ለዚያ የሚሆን ጥቂት ሚሊዮን ይቆይ።