ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል ወይ?

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሌሊት ሌሊት ሳል ይቀሰቅሰኛል፣ ደረቴንም ጭምቅ ያደርገኛል። ቀን ደህና ነኝ። የደረት ራጅ ተነስቼ ንፁህ ነው ተባልኩ። በኋላ ግን ሌላ ሐኪም «አስም ነው» ብሎ ሁለት ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) አዘዘልኝ። አንደኛው ወዲያው ያሽለኛል። ሌላው ምንም ስላልጠቀመኝ ተውኩት። ልጅ ሆኜ አስም አልነበረብኝም። ራጁ ንፁህ ሆኖ እንዴት አስም ይሆናል? ሱስ ያስይዛል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ከራጁ ልጀምር። አስም በራጅ አይታወቅም። ራጅ የሚታዘዘው እንደ ሳንባ ምች ወይም ቲቢ ያለ ሌላ በሽታ እንዳይሆን ለማጣራት ነው። አስም ያለበት ሰው ራጁ ንፁህ ቢሆን አይገርምም።

አስም ማለት የአየር ቧንቧዎች ውስጣቸው ተቆጥቶ ሲቆይ ነው። ደህና ነኝ ባሉበት ቀንም ቁጣው አለ። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲነካካው በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያብጣል፣ ወፍራም አክታም ይሞላዋል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚመጣው አየሩ በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ነው። ቧንቧው በተፈጥሮው ሌሊትና ሊነጋጋ ሲል ስለሚጠብ ሳሉም ያኔ ይብሳል።

በልጅነት አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። አስም በማንኛውም ዕድሜ ይጀምራል፣ በተለይ በቤተሰብ አስም ወይም አለርጂ ካለ። ሥራዎ ከዱቄት ብናኝ፣ ከቀለም ወይም ከጽዳት ኬሚካል ጋር የሚያገናኝዎ ከሆነና በዕረፍት ቀን ሳሉ የሚቀልልዎ ከሆነ፣ ይህንን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ እንዳይቀሩ።

ምርመራው ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ወደ መሣሪያ በኃይል ይተነፍሳሉ፣ ቧንቧውን የሚከፍት ማስታገሻ ይሰጥዎትና ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይደገማል። በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያስወጡት አየር ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ አስምን ይደግፋል። ደህና በሆኑበት ቀን ግን ውጤቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ያኔ የትንፋሽዎን ኃይል በትንሽ መሣሪያ ጠዋትና ማታ ለሁለት ሳምንት እየለኩ መመዝገብ ይረዳል።

አሁን ወደ ኢንሄለሮቹ። በገለጹልኝ መሠረት ወዲያው የሚያሽልዎ እንደ ሳልቡታሞል ያለ ማስታገሻ ይመስላል። ጡንቻውን ያላላል እንጂ ቁጣውን አይነካውም። የተዉት ደግሞ ቁጣውን የሚቀንስ ስቴሮይድ ያለበት ሳይሆን አይቀርም፤ እንደዚያ ከሆነ ዋናውን መድኃኒት ነው የተዉት! እሱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሠራ ሲስቡት ምንም አይታወቅዎትም። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎች ማስታገሻ ብቻ ይዘው እንዳይቀመጡ ይመክራል።

ሱስ አያስይዝም። ወሬው የመጣው ከየት መሰለዎት? ሰው ዋናውን ትቶ ማስታገሻውን ብቻ ሲስብ ቁጣው እየባሰ ይሄዳል፣ ማስታገሻውም ይደጋገማል። ያየ ሁሉ «ሱስ ሆነበት» ይላል። ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገዎት አስምዎ በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ነው። ስቴሮይዱ ድምፅ ሊያሻክር ወይም አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊያመጣ ይችላል። ከሳቡ በኋላ ተጉመጥምጠው ይትፉ።

ብዙ ሰው ደግሞ አሳሳቡን ይሳሳታል። የሚረጭ ዓይነት ከሆነ ያወዛውዙት፣ አየሩን በሙሉ ያስወጡ፣ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙትና መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑ። ቀስ ብለው፣ በረጅሙ ይሳቡ፤ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽዎን ይያዙ። ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠም ቱቦ) ካለዎት በጣም ይቀልልዎታል። በቀጠሮዎ ቀን ሁለቱንም ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ፊት ስበው ያሳዩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ማስታገሻው አላሽል ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ማስታገሻውን እየሳቡ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።