ለባለቤትሽ ሙሉ ልብስ ቤት ውስጥ ልትሰፊ ከሆነ

እህቴ፣ ለባለቤትሽ የሠርግ ሙሉ ልብስ እዚሁ አዳማ በቤት ማሽን መስፋት ይቻል እንደሆነ፣ የኮት ደረትም ከታጠበ ወይም ከተተኮሰ በኋላ ለምን ኩፍ ኩፍ እንደሚል ጠይቀሻል። መስፋቱ ይቻላል። ሱሪው አያስጨንቅሽ፤ ሥራው ኮቱ ላይ ነው።

ወርዱ 150 ሳ.ሜ ከሆነ ለመካከለኛ ሰው 3.5 ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ባለ መስመር ከመረጥሽ መስመሩን ለማገጣጠም ግማሽ ሜትር ጨምሪ። ለአዳማ ሙቀት ስስ ሱፍ ይሻላል። ጀርባውን እስከ ግማሽ ብቻ ገበር አድርጊለት፤ እጅጌው ግን ሙሉ ገበር ከሌለው ሸሚዙን ይይዝበታል።

ዋናውን ጨርቅ ሳትነኪ በአቡጀዲ ሰፍተሽ አልብሺው። ይህን እባክሽ አትዝለዪ። ከኮሌታው ሥር ጀርባ ላይ አግድም እጥፋት ከወጣ የእሱ ትከሻ ከኮቱ ይልቅ ቀጥ ያለ ነውና የትከሻውን ጫፍ ከፍ አድርጊ። ከአንገት ወደ ብብት የሚወርድ ሰያፍ እጥፋት ከሆነ ግን ዝቅ አድርጊው። በጎንና በጀርባ ስፌት 2 ሳ.ሜ ትርፍ ይኑርሽ።

ደረቱ ኩፍ የሚለው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሱፉ ሳይቆረጥ በፊት በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ካልተሰበሰበ፣ በኋላ እንፋሎት ሲያገኘው እሱ ይሰበሰባል፤ ደረቱን እንዲያጠነክር ከውስጥ በካውያ የሚለጠፈው ባለ ሙጫ ጨርቅ ግን አብሮት አይሰበሰብም። ሁለተኛው አለጣጠፉ ነው። ካውያውን አትግፊው፤ አንድ ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ጫኚ፣ አንሺ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ አሳርፊ። እስኪበርድ ጨርቁን አታንቀሳቅሺ። የከሰል ካውያ ሙቀቱ እኩል ስለማይሆን ይህን መብራት ሲኖር ሥሪው። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪ፦ ከበረደ በኋላ ጥጉን ስትስቢው በቀላሉ ከተላቀቀ ሙቀቱ ወይም ጊዜው አንሷል። በባለ ሙጫው ጨርቅ ፋንታ የኮት ሸራ (ደረቱ ውስጥ የሚገባ ጠንካራ ጨርቅ) ካገኘሽና ጊዜ ካለሽ እሱን በእጅ መስፋቱ ይበልጣል፤ ሙጫ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም።

የኮሌታው ታጣፊ የላይኛው ጨርቅ ከታችኛው በዳር በዳሩ 3 ሚ.ሜ ይስፋ፤ እኩል ከሆኑ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል። የእጅጌው አናት ዙሪያ ደግሞ ለሱፍ ከብብቱ ዙሪያ 3 ሳ.ሜ ያህል ይበልጣል። ትርፉን ከላይ በኩል አከፋፍዪው፤ ብብት ሥር ምንም አይሰብሰብ። በማሽን ከመስፋትሽ በፊት በእጅ በረጃጅሙ ጠቅመሽ አልብሺው። እጁን አውርዶ ሲቆም እጅጌው ከተጠማዘዘ አናቱን 1 ሳ.ሜ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙሪ።

ሱሪው ወገብ ላይ ከኋላ 3 ሳ.ሜ ትርፍ ተዪ፤ እግሩንም ለሠርጉ የሚያደርገውን ጫማ ሳይጫማ አትጠፊው።