መልስ፦ ሆትስፖት ስከፍት ላፕቶፑ ጥቅሌን ይጨርስብኛል
ወንድም፣ ከስልክህ ሆትስፖት ጋር በተገናኘህ ቁጥር ጥቅልህ ድራሹ የሚጠፋው ቫይረስ ገብቶ አይመስለኝም። ዊንዶውስ ሆትስፖቱን እንደማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ከጀርባ አፕዴት ያወርዳል።

ላፕቶፑ ላይ ሴቲንግስ ግባ፤ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ። የተገናኘህበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ክፈትና «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተገደበ መሆኑን ለዊንዶውስ የሚነግረው) የሚለውን አብራው። በቃ፣ አብዛኛው አፕዴት ቀጥ ይላል። የሚሠራው ግን ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ የጓደኛህን ሆትስፖት ስትጠቀም እንደገና ማብራት አለብህ።

አፕዴትን ጨርሶ የሚዘጋ ፕሮግራም ጫን የሚሉህን አትስማ። የደኅንነት ማስተካከያዎቹም አብረው ይቀሩብሃል። ቢሮ ወይም ካፌ ያልተገደበ ዋይፋይ ስታገኝ ቻርጀርህን ሰክተህ አፕዴቱን አውርደው።

ዳታውን የበላው ማን እንደሆነ ለማየት ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ»ን ክፈት፤ በየፕሮግራሙ ይዘረዝርልሃል። ብሮውዘርህ አንደኛ ከወጣ ግን ዊንዶውስን አትውቀስ።