ውጭ አገር ሆናችሁ ለገጠር ትምህርት ቤት የምታዋጡ ወገኖቼ፣ መምህሩ የት ይደር?

1. ወረቀቱ። የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ በአጎታችሁ ስም አይሁን። ደረሰኝ ያዙ።

2. ዕቃው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ኮምፒዩተር አቧራ ይጠጣል። አሜሪካ ውስጥ አንባቢ ያጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በኮንቴይነር መጫኑንም ተዉት። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ምን እንደጎደለ ርዕሰ መምህሩን በስልክ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

3. መምህሩ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ለትውልድ ቀበሌ ስንት የእራት ግብዣ አደረግን፣ ስንት ብሎኬት አስደረደርን! ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። አስተማሪው ግን ማደሪያ የለውም። ገበሬ ቤት ጥግ ይዞ ይኖራል። ሴት መምህርት ስትሆን ደግሞ በማይቆለፍ በር ብቻዋን ማደር ምን እንደሚመስል እህት ያላችሁ አስቡት። ደመወዝ ሲደርስ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ሐሙስ ሄዶ ሰኞ ከመጣ፣ ዓርብ ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉ ይውላሉ። ዓመት ቆይቶ ዝውውር ይጠይቃል። ማን ይፈርድበታል? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የእናንተ ዶላር በወራት ውስጥ እጥፍ መነዘረ፤ የእሱ ደመወዝ ግን የዘይትን ዋጋ አልደረሰበትም።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ያን ጊዜ ፌስቡክ ላይ «ትውልድ ጠፋ» ብላችሁ ጮኻችሁ። ተፈታኙ አንደኛ ክፍል ሳለ በአንድ ዓመት ስንት መምህር እንደተቀያየረበት ግን የጠየቀ የለም። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር በሰው ቤት ጥግ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሌላ ክፍል ከመሥራታችሁ በፊት በግቢው ውስጥ የመምህራን ቤት ሥሩ፦ ቁልፍ ያለው በር፣ ሽንት ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ ስልክ የሚሞላ ሶላር። ሥራውን የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይከታተል፤ ድንጋይና እንጨቱን ገበሬው ራሱ ያቀርባል፣ ለመምህር አይሰስትም። ደመወዝ ላይ ግን ብር አትጨምሩ፤ እናንተ ስትሰለቹ ይቋረጣል፣ የጎረቤት ቀበሌውንም መምህር ያስከፋል። ይልቅ ዲፕሎማ ላለው መምህር ለዲግሪው የክረምት ትምህርት ክፈሉለት፣ ሲጨርስም ጥቂት ዓመት እዚያው ሊያስተምር ይፈርም። የገጠር መምህርነት ትልቁ ዕድል ይኼ ነው፤ ክረምቱን ተምሮ፣ በበጋ ሕዝብ በሚያከብረው ቀበሌ አስተምሮ ራሱን ያሻሽላል።

ማን ሊለቅ እንዳሰበ ከሰኔ በፊት ደውላችሁ እወቁ። ክረምት ከገባ በኋላ መንገዱም ይዘጋል፣ መምህሩም ሄዷል።