ፍሪጅ ነው ሙዚቃ?

በዚህ ሳምንት የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከመሀል ከተማ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከቸርችል። ሁሉም ስለ አምቢየንት ሙዚቃ ነው የሚጠይቁት፣ ያ በኮምፒውተር የሚሠራው፣ ቀስ ብሎ የሚሄደው ነገር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

"ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ከክፍሉ የሚወጣው ድምፅ የፍሪጅ ነው የሚመስለው። ግጥም የለው፣ ምት የለው። ሙዚቃ ነው ይለኛል።" (አባት፣ ከአራት ኪሎ)

ጋሼ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ብራያን ኢኖ የሚባል እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሙዚቃ ብሎ አንድ አልበም አወጣ። የፈለገ ያዳምጠው፣ ያልፈለገ እንደ ክፍሉ አየር ይለፈው ነው ነገሩ። የፍሪጁን ድምፅም አይናቁት። በገና ላይ ጅማቱና ጅማቱ የሚያርፍበት እንጨት መካከል የምትገባ ትንሽ ቆዳ አለች፤ እንዝራ ትባላለች። ሥራዋ ድምፁ እንዲነዝር ማድረግ ነው። በሁዳዴ በገና ሲደረደር ቁጭ ብለው የሚሰሙ ከሆነ ጆሮዎ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሌሊቱን ማደሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ አልገባም፣ ሄድፎን ይግዙለት።

"ብር የለኝም፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው። በምን ልጀምር?" (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

በፑር ዳታ። ድምፅ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፣ አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይልህም። ስክሪኑ ላይ ሳጥን ታስቀምጣለህ፣ በመስመር ታያይዛለህ፣ ድምፅ ይወጣል። ኮድ መጻፍ ደስ የሚልህ ከሆነ ሱፐርኮላይደር አለልህ፣ እሱም ነፃ ነው። ከመጀመርህ በፊት ድምፁን ቀንስ፤ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ጆሮህን ነው የሚያጮኸው። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነበር። አንድ ማታ መብራት ድርግም ሲል የሌሊቱ ሥራዬም አብሮ ሄደ። መብራቱ በአሥር ደቂቃ ተመለሰ።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ? እኛን ምን አገባን?" (ከቸርችል)

ወንድሜ፣ ታሪኩ እኮ ዛር ቤት ይገባል። በ1944 ካይሮ ውስጥ ሀሊም ኤል ዳብ የሚባል ወጣት ግብፃዊ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅረጫ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። አዎ፣ ያው እኛ የምናውቀው ዛር። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን እያስተጋባ፣ እየቀነሰ፣ እየለወጠ ጥላው ብቻ እስኪቀር አሸው። ፓሪስ ላይ ፒየር ሼፈር የሚባል ፈረንሳዊ የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ዝነኛ የሆነው ከ4 ዓመት በኋላ ነው።

ኤል ዳብ ከዚያ የት የመጣ ይመስልሃል? እዚሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ደግሞ ክራሩንና ማሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን አንድ ላይ ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ለኔ ይሄ ከኢኖ አልበም ይበልጣል። በኛ ዘመን ደግሞ እንደገና ሙሉ የሚባለውንና ሚካኤል ሰይፉን ስማቸው፤ የባህል መሣሪያችንን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተዋል። የነሱ ምት አለው። የአራት ኪሎው ጋሼም አይከፋቸውም።

"በሄድፎን ይሻላል በስፒከር?"

በስፒከር፣ ዝቅ አድርገህ፣ መስኮቱን ከፍተህ። የጊዮርጊስ ቅዳሴም የበኒን መስጊድ አዛንም ይግባበት። ታክሲ ውስጥ ግን አትሞክረው፣ ወያላው ያሸንፍሃል።

"ሰፈራችን ሳይፈርስ የአባቴ ሱቅ መዝጊያ ሲወርድ በስልኬ ቀድቼ ነበር። 4 ሰከንድ ናት። 5 ደቂቃ ማድረግ ይቻላል አሉኝ። እንዴት?" (የፒያሳ ልጅ፣ አሁን ሩቅ ሰፈር)

እህቴ፣ ይቻላል። የካሴት ማጫወቻ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንዴት እንደሚጎረንን ታስታውሻለሽ? ድምፅ ዝም ብሎ ሲጎተት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ግራኑላር የሚሉት ዘዴ ግን አይጎትትም፣ ይከትፋል። ድምፅሽ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሰከንድ በሆኑ 80 ፍሬዎች ይከፈላል እንበል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ፍሬ እየደጋገመ፣ አንዷን በሌላዋ ላይ እየደረበ ይዘራቸዋል። 4 ሰከንዷ 75 እጥፍ ትረዝማለች፣ ቅላጼዋ ግን አይወርድም። የፍሬዎቹ ጫፍ መለስለስ አለበት፣ አለበለዚያ ጠቅ ጠቅ ይላል። የቆርቆሮ ጩኸት እንዲህ ሲረዝም አንዳንዴ የመዘምራን ድምፅ ይመስላል፣ እንዳትደነግጪ።

ለሚሠራልሽ ሰው በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ቮይስ ከላክሽው ይጨመቅና ደቃቁ ነገር ይጠፋል። ኦሪጅናሉን ደግሞ ሌላ ቦታም ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ ማንም አይንካው። መዝጊያውን ድጋሚ መቅዳት አትችይም።