ጊታር በእጄ ልሠራ ነው፣ ምን መሣሪያ ልግዛ? ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ ልተኛ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ አንዲት ትርፍ ክፍል አለችኝ፣ ክረምት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያኔ አንድ አኮስቲክ ጊታር በእጄ ልሠራ አስቤአለሁ፣ ምን ምን መሣሪያ ልግዛ?» ነው ያልከው። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ብዬ ነበር፤ ያውም ከአንተ ሠፈር ብዙም ሳልርቅ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ። ከላይ የመለሱልህ ሰዎች መላጊያ፣ መሮ፣ ሞርሴቶ (የተለጠፈ እንጨት ጠርቆ የሚይዝ ማጥበቂያ) እያሉ ደርድረውልሃል። ልክ ናቸው። «ክረምት» የምትለዋን ቃል ግን አንዳቸውም ልብ አላሏትም። እኔን ያከሰረችኝ እሷ ናት።

1. ከሁሉም በፊት የአየር እርጥበት መለኪያ ግዛ። መዳፍ የምታክል ርካሽ ዕቃ ናት። እኔ አልገዛሁም። መላጊያ በሁለት ዓይነት፣ ሞርሴቶ 14 ፍሬ፣ ያልተነካ መሮ ከነሣጥኑ ገዝቻለሁ፤ እሷን ግን «ምን ያደርግልኛል» ብዬ ተውኳት። ለፊቱ ክዳን ዝግባ ገዛሁ። ሻጩ «ሁለት ዓመት የደረቀ ነው» ብሎ ማለልኝ። ሁለቱን ግማሽ ገጥሜ ውፍረቱ 2.8 ሚሊ እስኪሆን ላግኩት፤ በሁለት ጣት አንጠልጥለህ ስታንኳኳው እንደ ደወል ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከውስጥ የሚገቡትን ቀጫጭን ድጋፎች ለጠፍኩና ሣጥኑን ዘጋሁ። ጥቅምት ላይ ክር ገባለት። ጓደኞቼ መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ እናቴ ሳትቀር «እስቲ አንዴ ምታው» አለችኝ። እውነት እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፁ ከሱቅ ጊታር ይሻል ነበር።

ጥር ላይ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግድግዳው ላይ «ጧ!» አለ። ክር ተበጠሰ ብዬ ዞሬ ተኛሁ። ጠዋት ሳወርደው ስድስቱም ክር አለ። ፊቱ ነው ከብሪጁ (ክሩ ፊቱ ላይ ከሚታሰርበት እንጨት) ጀምሮ እስከ ታች ጠርዝ የተሰነጠቀው። የመታወቂያዬን ጠርዝ ስሞክርበት ሰተት ብሎ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ በስፋቱ ይሸማቀቃል፤ በርዝመቱ ግን አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ድጋፎቹ ደግሞ የሚለጠፉት ከክዳኑ ቃጫ ጋር ተሻግረው ነው። ክዳኑ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ሚሊ ልጥበብ ይላል፣ ድጋፎቹ አንሰጥህም ይላሉ። በመሃል ደካማው ቦታ ይቀደዳል። በኋላ መለኪያዋን ስገዛ በዚያችው ክፍል ነሐሴ ላይ 76 በመቶ፣ ጥር ከሰዓት በኋላ 34 በመቶ አነበብኩ። ውጭ አገር ያሉት ጊታር ሠሪዎች ክፍላቸውን ዓመቱን ሙሉ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ የሚያቆዩት ወደው አይደለም።

ስለዚህ ክረምቱን አንገት ቅረጽበት፣ የሣጥኑን ቅርጽ መያዣ ሥራበት፣ መሮ ስልበት። ማጣበቁንና ሣጥን መዝጋቱን ለኅዳር አቆየው። አልታገስም ካልክ እንጨቱንና ድጋፎቹን ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከድሮው ዓይነት አምፖል ጋር አንድ ሁለት ቀን አሳድራቸው፣ ከዚያ እንደወጡ ለጥፍ። ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም፣ በእሱ አትሸወድ። ሻጭ «ደርቋል» ሲልህም እንጨቱን በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አልደረቀም ማለት ነው።

2. እንጨት። አዲስ ጣውላ አትግዛ። እኔ አሁን የምጠቀመው ዋንዛ የአንድ አሮጌ ቁም ሣጥን በር ነበር። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በፊት እዚያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው የሰጡኝ። የተሰነጠቀውን ጊታር ይዤ ስሄድ በአውራ ጣታቸው ስንጥቁን ዳበስ አድርገው «እንጨቱ ምን አደረገህ ልጄ? ሳይደርቅ ያሰርከው አንተ» አሉኝና ሳቁብኝ። ተናድጄ ነበር። በሩ ቢያንስ አርባ ዓመት ቤት ውስጥ ደርቋል፤ ምን ቀረው? ለጎንና ለጀርባ በቂ ነው፤ 2 ሚሊ ድረስ ትልገዋለህ። ጎኑ ላይ ደግሞ አትጨነቅ። ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ድምፅ የሚሰጠው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት በ1862 (በፈረንጆቹ) የአንድ ጊታር ጎንና ጀርባ ከካርቶን ሠርቷል። ገንዘብም ትዕግሥትም ካለህ ፊቱ ላይ አውለው፤ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት፣ የተቆረጠ ጫፉን ስታየው የዕድገት መስመሩ በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን።

በነገራችን ላይ የብረት ክር ካሰብክ ተወው። ስድስቱ ክር አንድ ላይ የአንድ ጎልማሳ ክብደት ያህል፣ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ይስባል። ናይለን 40 ገደማ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ናይለን ይበቃሃል።

3. ሞርሴቶ 14 ፍሬ ገዛሁ ብዬህ የለ? ዘጠኙ ሳይነካ ተቀምጧል። ድጋፍ ስትለጥፍ ቀርከሃ ሰንጥቀህ፣ ከጣራ እስከ ሥራው ካለው ርቀት ትንሽ በሚበልጥ ርዝመት ቆርጠህ፣ ጎበጥ አድርገህ ትወትራታለህ፤ አንዷ እንደ አንድ ሞርሴቶ ትጫናለች። ከላይ የሚገፋት ጠንካራ ነገር ይኑር ብቻ፤ የእኔ ኮርኒስ አንዴ ተቀዶ አቧራው ሁሉ ኮላው ላይ ወርዷል። ጀርባውን ስትዘጋ የመኪና ከመነዳሪ እንደ ገመድ በስሱ ቁረጥና ዙሪያውን ጠቅልል። ለአሮጌ ከመነዳሪ ገንዘብ እንኳን አይጠይቁህም፣ «ውሰደው» ብለው ይሰጡሃል።

4. ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ተሻግረው የሚቀበሩት የብረት ሽቦዎች። እዚህ ላይ ጸሎት ያስፈልጋል። ፍሬት ሽቦ ከውጭ አስመጣሁ፤ ለአንድ ጊታር አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል፣ እኔ ግን የአሥር ጊታር አዘዝኩ። ዕቃው የሚለቀቅበት ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሽቦውን አንስታ «የኤሌክትሪክ ነው» አለችኝ። አይደለም፣ ጊታር ላይ የሚገባ ነው አልኳት። «አስመጪ ነህ?» ለራሴ ነው። «ለራስህ ይህን ሁሉ?» ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። በማግሥቱ ጊታሬን፣ ያንን የተሰነጠቀውን፣ ተሸክሜ ሄድኩና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከኋላዬ ሰልፍ የያዙት «አጫውተን» ማለት ጀመሩ። እሷ ግን «ነገ ኃላፊው ሲመጣ» አለች። አራት ቀን ተመላለስኩ፤ አምስተኛው ቀን ኃላፊው ገና እንዳዩት «ፍሬት ነው፣ ልቀቁለት» አሉ። ለካ ጊታር ይጫወታሉ! ላኪው ጥቅሉ ላይ «የጊታር መለዋወጫ» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍልህ አድርግ፣ አንተም ትንሽ እዘዝ።

ሽቦው ከመጣ በኋላ ሌላ ችግር አለ። የሽቦው ጥርስ የሚገባበት ቦይ ከ0.6 ሚሊ መብለጥ የለበትም። የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ የሚቆርጠው ከዚያ ይሰፋል፤ ፍሬቱ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ምላጩን በሁለቱም ጎን በዘይት ድንጋይ ላይ ጎትተህ አሳሳው፣ ትርፍ እንጨት ላይ እየሞከርክ። ደግሞ ቦታዎቹን ሁሉ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት አጥንት ጀምረህ ለካ እንጂ ከፍሬት ፍሬት አትለካ፤ ግማሽ ሚሊ ስህተት አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደመር ጊታርህ የትም አይቃኝም። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ከሆነ አንደኛው ፍሬት 36.5፣ አምስተኛው 163፣ አሥራ ሁለተኛው 325 ላይ ይወድቃል። ብሪጁ ላይ ያለውን የክር ማረፊያ ደግሞ ሁለት ሚሊ ያህል ወደ ኋላ ሳበው።

5. ጎን ማጉበጫ የብረት የውሃ ቱቦ ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስረህ ከውስጡ ማሞቅ ነው። ጠብታ ውሃ ስታደርግበት ዘልሎ ከጠፋ ደርሷል። በከሰል የምታሞቅ ከሆነ ግቢ ውጣ፤ የከሰልን ጭስ አልባ ሞት እኔ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። እንጨቱን ቀስ ብለህ ግፋው፤ ሲላላ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ሁለት ጎን ሰብሬ ነው ሦስተኛው እሺ ያለኝ።

ክሩ የሚያርፍበትን አጥንት ከውጭ አትዘዝ። ሥጋ ቤት ሂድና የበሬ ቅልጥም ለምነህ ውሰድ፤ ቅባቱ እስኪለቅ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። የሠፈሬ ሥጋ ቤት ልጅ «ለውሻ ነው?» እያለ ነበር የሚሰጠኝ፤ ሦስተኛውን ጊታር ወስጄ ሳሳየው ግን ለደንበኛ ሁሉ «አጥንቱ የእኔ ነው» ይላል። ያንን ጊታር አሁን አንድ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ይዞታል፤ ሁለት ጥር አልፎታል፣ ፊቱ ላይ መስመር የለም።

የመጀመሪያው ጊታር ስንጥቁ በዝግባ ስንጣሪ ተሞልቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። መጥተህ አይተህ ሂድ፣ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ። ያልተነኩትን ሞርሴቶዎችም ውሰዳቸው።