እየበላች ስለምትከሳ አሮጊት ድመት

ከደብረ ሲና የጻፉልን እህታችን የ13 ዓመት ድመታቸው እንደ ወትሮዋ እየበላች የጀርባዋ አጥንት በእጅ መዳሰስ መጀመሩን ገልጸው፣ «ይህ የእርጅና ነው ወይስ ምግቧን ልለውጥላት?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ድመት እስከ 16 ዓመቷ ስላኖርኩ ያየሁትን ልንገርዎት።

ከሁሉ በፊት ይመዝኗት፤ ጠጉሯ ስለሚሸፍናት ዓይን ያታልላል። የሰው ሚዛን ካለዎት መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ታቅፈዋት ይመዘኑና ልዩነቱን ይያዙ። እኔ በዘንቢል አድርጌ ወደ ጎረቤታችን እህል ቤት እየወሰድኩ በየ15 ቀኑ አስመዝናት፣ ቁጥሩንም በደብተር እጽፍ ነበር። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ስትቀንስ ለእኛ ትንሽ ይመስለናል፤ ለእርሷ ግን የሰውነቷ አንድ አሥረኛ ስለሆነ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ እንደ ከሳ ይቁጠሩት።

የእኔዋ በ14 ዓመቷ ከ4 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ከ300 ስትወርድ «አርጅታ ነው» ብዬ ሁለት ወር ማሳለፌ ዛሬም ይቆጨኛል። ወደ ሳህኗ ሮጣ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ቁራጩን አንስታ አንገቷን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጋ አንድ ሁለቴ ካኘከች በኋላ ትጥለዋለች። አንድ ቀን ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ሳይ በግራ በኩል የኋለኛው ድዷ ቀልቶ አብጧል። አዲስ አበባ ወስጃት ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ክብደቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

የእርስዎ ድመት ግን እየበላች መክሳቷ ከዚህም ይልቅ ምርመራ የሚሻ ነው። በአሮጌ ድመቶች አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ድመቲቱ አብዝታ እየበላች፣ ዕረፍት እያጣች ትከሳለች፤ የስኳር በሽታም እንዲሁ ያደርጋል። የኩላሊት ሕመም ግን ውሎ አድሮ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሳል። ውሃ መጠጣቷና ሽንቷ ጨምሮ እንደሆነ ልብ ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የደም ምርመራም ይጠይቁ። የአካባቢያችን ሐኪሞች በብዛት የሚያዩት በግና ከብት ስለሆነ ምርመራው እዚያ ካልተገኘ እስከ አዲስ አበባ መሄዱ ድካሙ ያዋጣል።

ምግብን በተመለከተ በእኛ ቤት ትልቁ ፈተና ዐቢይ ጾም ነበር። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ድመቲቱም ከእኛው ጋር የሽሮ ፍትፍት ስትቀምስ ትከርማለች። ወጣት ድመት አይጥ አድና ታካክሳለች፤ አሮጊቷ ግን ያ ጉልበት የላትም። ድመት ሥጋ በል ስለሆነች ታውሪን የተባለውን ለልቧና ለዓይኗ የግድ የሚያስፈልጋትን ንጥረ ነገር ከጥራጥሬ አታገኝም፤ ስታረጅ ደግሞ ስብና ፕሮቲን የመፍጨት አቅሟ ስለሚደክም ጡንቻዋ ቶሎ ይሟሽሻል። በሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ስለዚህ ከቅበላ በፊት ልብና ቀይ ሥጋ ገዝቼ፣ ጨውም በርበሬም ሳይነካው በስሱ ዘልዝዬ ቋንጣ አደርግላት ነበር። በማበላት ቀን ዘፍዝፌ፣ ቀቅዬና አድቅቄ ለብ እንዳለ ስሰጣት ሽታው ይስባታል፤ የቀዘቀዘውን ግን አሽትታ ትተወዋለች። የተቀቀለ እንቁላልም እጨምርላታለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ስለማትበላ በቀን አራት አምስት ጊዜ ከፋፍዬ እሰጣታለሁ። ምርመራው የኩላሊት ሕመም ካሳየ ግን የምግቡን ዓይነትና መጠን ሐኪሙ ይወስን።

ብዙ ሰው ያወፍራታል ብሎ ወተት ይሰጣል፤ ያደገች ድመት የወተትን ስኳር መፍጨት ስለሚከብዳት የሚያስቀምጣት ከሆነ ይባስ ትከሳለች። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭም ከሲታ ድመት የበላችውን ሰውነቷን ለማሞቅ ስለምትጨርሰው መኝታዋን ከምድጃው አጠገብ ያድርጉላት።

አሟታል ብለው የሰው መድኃኒት፣ በተለይ ፓራሲታሞል፣ እንዳይሰጧት አደራ፤ ድመትን ይገድላል። ቀን ሙሉ ምግብ ከተወችም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ ምግብ ያቆመች ድመት ጉበቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ በስብ ተሞልቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።